ስኳር የጠቀለልኩበት ገጽ

ክልላችን ገና በቁጥር በሚጠራበት ጊዜ ጋዜጣ ለእኔ ወረቀት ነበር። የማየው ምን እንደተጻፈበት ሳይሆን ምን ያህል እንደሚይዝ ነው። የመንግሥቱ ጋዜጣ ሰፊና ወፈር ያለ ስለሆነ ለጨውና ለምስር ይመቻል፤ አንድ ኪሎ ሙሉ ብታሸክመው አይቀደድም። የግል የሚባሉት፣ ያኔ እንደ አሸን የፈሉት፣ ስስና ትንንሽ ናቸው፤ ቀለማቸው ያላበ እጅ ሲነካው ይለቃል። ጋምቤላ ተቀምጦ እጁ የማያልበው ደግሞ ማን አለ? ስለዚህ እነሱን ከሩብ ኪሎ ስኳር በላይ አላምናቸውም ነበር።

ሱቄ ከተማው መሃል፣ ከገበያው ፊት ለፊት ነበር። ከወሎ ባሌን ተከትዬ ነው የመጣሁት። እሱን ወባ ወሰደውና ሁለት ልጆችና አንድ ሚዛን ይዤ ቀረሁ። ንግድ ፈቃዱ በስሜ ሲዞር የጽሕፈት ቤቱ ሰው ማንበብ መቻሌን ሳይጠይቅ የማኅተም ቀለሙን ገፋ አደረገልኝ። መሠረተ ትምህርት ተምሬ የምስክር ወረቀት የወሰድኩ ሴት ነኝ፤ ግን ኀዘን ላይ ስለነበርኩ ለመከራከር አቅም አጣሁ። አውራ ጣቴን ነክሬ ተጫንኩ። ከዚያ ወዲህ በመዝገባቸው ላይ ጣት እንጂ እጅ እንደሌለኝ ተደርጌ ኖርኩ። እኔም አላረምኳቸውም፤ ሰው የማይችል ሲመስላቸው ብዙ ጥያቄ አይጠይቁም።

ዕቃ የሚልክልኝ የመርካቶ አከፋፋይ በየጭነቱ ላይ አንድ እስር አሮጌ ጋዜጣ እየመዘነ ይጨምርልኝ ነበር። በዚያ ስጠቀልል ሁልጊዜ የምታየኝ የአክስቴ ልጅ ነበረች። በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥታ ወደ ኢታንግ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ መንደር ነው የምታርሰው። መንደሯ ወፍጮ የለውም። ሊመጣላቸው ነው ከተባለ ቆይቷል፤ እሷም መንገድ ላይ ነው ሲሏት አምና ትጠብቅ ነበር። እስከዚያው በየሳምንቱ በቆሎዋን አዝላ ከተማ ትመጣለች፣ የወፍጮ ቤቱ ወረፋ እስኪደርሳትም ደጄ ጥላ ላይ ትቀመጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። ስጠቀልል ታየኝና “ምን ይላል ወረቀቱ?” ትለኛለች።

“ሩብ ኪሎ ይላል” እላታለሁ። እንስቃለን።

ያ ወፍጮ የቆመው ከሱቄ ጀርባ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ ነው። ከጠዋት ጀምሮ ድምፁ መደርደሪያዬን ያንቀጠቅጠዋል። ግቢው የአንድ ትልቅ ኃላፊ ወንድም ንብረት እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ወፍጮው ከየት እንደመጣ ግን የሚያነሳ የለም። እኔም አላነሳሁም። በርበሬዬን የማስፈጨው እዚያ ነበር።

ደንበኞቼ ውስጥ ወረቀቱን እንደ ወረቀት የማያይ አንድ ሰው ነበረ። ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር መምህር ነው፤ ሁላችንም ቲቸር ነው የምንለው። ሩብ ኪሎ ስኳር ይገዛና እዚያው ቆሞ ጥቅሉን ዙሪያውን ያነባል። አንድ ጊዜ ተመልሶ መጥቶ የገጹን ግማሽ ለማን እንደሸጥኩት ጠየቀኝ፤ ወሬው መሃል ላይ ተቆርጦበት ነው። አበድክ እንዴ ብዬ አባረርኩት። አንድ የግል ጋዜጣም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ጥቂት ቅጂ ይልክለት ነበር። ሻይ ቤቱ ደጃፍ ማንጎው ሥር ተቀምጦ በአማርኛ ያነባል፣ ከዚያ ለአኝዋኩም ለኑዌሩም በየቋንቋው ይተረጉማል። እያንዳንዱ ሰው ወሬውን ሦስት ጊዜ ይሰማል፤ አንዱ ባይገባው በሌላው ይገባዋል።

አንድ ቀን አውቶቡሱ ኬላ ላይ ቆመና ጋዜጣው ብቻ ወረደ። የሕዝቦችን አብሮ መኖር ያናጋል ተባለ። አብሮ የሚኖረው ሕዝብ ምን እንደናጋው ለማወቅ ማንበብ ነበረበት፣ ማንበብ ደግሞ ተከለከለ። በዚያው ሳምንት የሻይ ቤቱን ባለቤት ጠርተው ሽንት ቤቱ ከደረጃ በታች ነው አሉት፤ ታሸገ። ዳግመኛ ደጃፉ ላይ ጋዜጣ እንደማይነበብ ቃል ሲገባ፣ አንድ ድንጋይ ሳይጨመርበት ሽንት ቤቱ ደረጃውን አሟላ። የቲቸር ደሞዝም ፋይሉ ጠፋ ተብሎ ቆመ። እኔ ይህን ሁሉ ከሚዛኔ ጀርባ ሆኜ ሰማሁና ከራስ በላይ ነፋስ ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ያኔ ግን አላፈርኩም።

ከወር በኋላ የመርካቶው ጭነት ደረሰ። የዚህ ጊዜው እስር ጋዜጣ ለየት ያለ ነበር፤ ንጹሕ፣ ያልተነካ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። ሳይሸጥ የተረፈ ወይም ወደ ባለቤቱ የተመለሰ መሆን አለበት። ስስ መሆኑ ባያስደስተኝም ንጽሕናው ደስ አለኝና በስኳር ጀመርኩ።

ከዚያ ሱቄ ደራ። ኪሎ ይገዛ የነበረው ሰው ሩብ ሩቡን አራት ጊዜ እየተመላለሰ መግዛት ጀመረ። ስኳር የማይጠጣ ጎረቤቴ ስኳር ገዛ። አንዱ “ከዚህኛው ወረቀት አድርጊልኝ” አለኝ፤ ሌላው የተጠቀለለለትን አየና ወረቀቱን ለውጪልኝ ብሎ መለሰ። እኔ ሞኟ የሚዛኔ ታማኝነት ተወራልኝ ብዬ ኮራሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲያ እየኮራሁ፣ ኬላ ላይ የተያዘውን ጋዜጣ ለከተማው በስኳር አደልኩት። አንድም ሰው አልነገረኝም። ቲቸር እንኳ ሲገዛ ጥቅሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ከንፈሩን ነክሶ ሄደ።

የተነቃብኝ ከወንድሙ ወፍጮ አጠገብ በሚኖረው በራሱ በኃላፊው ቤት ነው። ከአዲስ አበባ እንግዶች መጥተውበት ነበርና የቤት ሠራተኛው ለሻይ ስኳር ከእኔ ወሰደች። ኋላ እሷው እንደነገረችኝ ጥቅሉን እንዳለ ትሪ ላይ አስቀምጣ አቀረበች። ከእንግዶቹ አንዱ ስኳሩን ወደ ስኒው ገለበጠና ወረቀቱን እንደ ሰው ልማድ ዘርግቶ ማንበብ ያዘ። አንብቦ ሲጨርስ ለጎኑ አቀበለ። ወረቀቱ ዞሮ ዞሮ ኃላፊው እጅ ሲደርስ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የወፍጮው ድምፅ ብቻ ነበር አለችኝ።

በማግስቱ ሁለት ሰዎች መጡ። አንዱ ከንግድ፣ አንዱ ከማስታወቂያ ነኝ አለ። እስሩን ጋዜጣ ወሰዱ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፈቃዴን ከነመስተዋቱ አወረዱ፣ በሩን አሸጉ። ምን አጠፋሁ ብላቸው ነገ ቢሮ ስትመጪ ይነገርሻል አሉ። ልጆቼን ይዤ ከተዘጋው ሱቅ ጓሮ ወዳለችው ክፍላችን ስገባ፣ ለቤታችን ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት ሩብ ኪሎ መኖሩ ትዝ አለኝ። ስኳሩን ቆርቆሮ ውስጥ ገልብጬ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስተካከልኩ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ጣቴን ፊደሉ ላይ አኖርኩ።

ለሰፈራው መንደር ተብሎ የተላከ ወፍጮ መንደሩ ሳይደርስ ቀረ ይላል። ከተማ ውስጥ በኃላፊው ወንድም ግቢ ቆሞ ይፈጫል፣ የመንደሩ ሴቶችም በቆሎ አዝለው መጥተው እየከፈሉ ያስፈጫሉ ይላል። የጸሐፊ ስም የለውም፤ ከጋምቤላ የተላከ የሚል ብቻ ነው ያለበት። ስጨርስ መግሪብ ደርሶ ነበር። ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። የተናደድኩት በኃላፊው ብቻ አይደለም። ያ ወረቀት ሁለት ሳምንት በእጄ ሲያልፍ፣ ያቺ ሴት ደግሞ ዓመት ሙሉ ደጄ ላይ ስትቀመጥ፣ እኔ ሩብ ኪሎ ይላል እያልኩ ስስቅ ነበር።

ቢሮው በነጋታው ሰው ሞልቶበት ነበር፤ ማመልከቻ የያዘው ሁሉ አግዳሚ ላይ ተደርድሯል። ኃላፊው በዕድሜ ብዙም የማይበልጠኝ ሰው ሲሆን እናቴ እያለ በእርስዎ አናገረኝ። እንደማይጨክንብኝ፣ ሴት ብቻዋን ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ እንደሚያውቅ ነገረኝ። ፈቃዴ ጠረጴዛው ላይ ተኝቷል። አጠገቡ በታይፕ የተጻፈ አንድ ወረቀት፣ አጠገቡ የማኅተም ቀለም።

“ጋዜጣውን መምህሩ እንደሰጠዎት የሚገልጽ ነው” አለኝ። “ጣትዎን ያኑሩና ፈቃድዎን ይዘው ይሂዱ።”

ወረቀቱ ከመርካቶ በኪሎ የመጣ ነው አልኩት። ከየት እንደመጣ እሱ የበለጠ እንደሚያውቅ ነገረኝ፤ እንዳስብበት ሦስት ቀን ሰጠኝ። እስከዚያ ሱቁ አይከፈትም። መምህሩን ለመክሰስ የጎደላቸው ምስክር ብቻ እንደሆነ ስወጣ ከአግዳሚው ላይ አንዱ በጆሮዬ ሹክ አለኝ። የእኔ ጣት እሱን ወኅኒ የምታወርድ ጣት ነበረች።

የገበያው ነጋዴዎች የሚያከብሯቸው አንድ ሀጂ ነበሩ። እሳቸው በመጀመሪያው ቀን ቤቴ መጥተው “ልጄ፣ ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ” አሉኝ። እኛ እዚህ አገር መጤ ነን፣ ዛሬ አንቺን ነገ ሁላችንንም ያሽጉናል አሉ። እኔ ማንንም እንዳልከሰስኩ፣ የሚከሰሰው ያ ምስኪን መምህር እንደሆነ ነገርኳቸው። ጺማቸውን እየዳሰሱ ተነስተው ሄዱ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈርተው ነበር። ፍርሃታቸውም መሠረት ነበረው፣ ስለዚህ አልተቀየምኳቸውም።

በሁለተኛው ቀን ቲቸር ራሱ መጣ። ደሞዙ ከቆመ ወዲህ ከስቷል። ተቀመጥ ብለውም አልተቀመጠም። አማርኛው ጥሩ ነው፤ ሲጨንቀው ግን ወንድና ሴት መለየት ይተዋል።

“እህቴ፣ ፈርም” አለኝ። “ልጆች አለህ። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እስር ቤትም ምግብ አለ። ያንተ ልጆች ምን ይበላል?”

እንደዚያ ቀን ተቆጥቼ አላውቅም። ሰውዬው ራሱን ሊሸጥልኝ መጥቶ ዋጋውን እሱው ቆርጦ ነበር። ሂድ ከቤቴ ውጣ አልኩት። ከደጃፉ ሳይርቅ ደግሞ ጠራሁትና ቆርቆሮ ውስጥ ከነበረው ስኳር ግማሹን ቀንሼ ሰጠሁት። ጽሑፉን ጽፈኸዋል ወይ ብዬ አልጠየቅኩትም። ካላወቅኩ የምዋሸው ነገር አይኖርም። እሱም አልነገረኝም።

ያን ቀን ከሰዓት ልጆቼን አስቀምጬ ነገሩን እንደ ትልቅ ሰው ነገርኳቸው። ሱቁ ላይከፈት ይችላል አልኩ። ትልቋ ቲቸር የሚያስተምራት ናት፤ እሱን ካሳሰርሽ ትምህርት ቤት አልሄድም አለች። እንግዲህ ከልጄ ፊት ነው የቆረጥኩት። መቁረጥ ከባድ የሚሆነው እስኪቆርጡ ነው፤ ከዚያ በኋላ ደህና እንቅልፍ ተኛሁ።

በሦስተኛው ቀን ያለኝን ንጹሕ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። ቢሮው እንደ ወትሮው ሞልቷል፣ በሩና መስኮቱ በሙቀቱ ምክንያት ተከፍቷል። ኃላፊው ቀና ብሎ አየኝና ወረቀቱን አቀረበ። ጸሐፊው የማኅተሙን ቀለም ክዳን ከፈተ። እኔ ግን ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩና ጣቴን ቀለሙ ውስጥ ሳይሆን የመጀመሪያው ፊደል ላይ አኖርኩ።

በልቤ ማንበብ አላውቅም። መሠረተ ትምህርት ያስተማሩን በድምፅ ነው፤ ሰባ ሰው አንድ ላይ እየጮኸ፣ ፊደል በፊደል። እስከ ዛሬም እንዲያ ነው የማነበው። ስለዚህ ጮክ ብዬ ጀመርኩ። “እኔ ጣቴን ከዚህ በታች ያኖርኩት ነጋዴ” ብዬ ትንፋሽ ወሰድኩ። አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ወሬውን አቆመ። መምህሩ ሕዝብ ለማነሳሳት አስቦ የሰጠኝን ጋዜጣ እያወቅኩ ማሰራጨቴን አምናለሁ ይላል። ስለ ወፍጮ የተጻፈውም ውሸት መሆኑን አውቃለሁ ይላል። ኃላፊው ይበቃል፣ ይበቃል አለ። እኔ መሃል ላይ ካቆምኩ ቦታው ስለሚጠፋኝ አላቆምኩም። በመስኮቱ በኩል ሰዎች ተጠግተው ያዳምጡ ነበር። ከጀርባዬ አንድ ሰው ለጎረቤቱ በኑዌርኛ፣ ሌላው በአኝዋክኛ መተርጎም ጀመረ። ማንጎው ሥር የተከለከለው ንባብ ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ተነበበ ማለት ነው። እኔ ይህን አስቤ አልመጣሁም። ሌላ ዓይነት ንባብ ስለማላውቅ ብቻ ነው።

ስጨርስ እስክሪብቶ ጠየቅኩ። ጸሐፊው ግራ ገብቶት ሰጠኝ። ከታይፑ ሥር በነበረው ባዶ ቦታ ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፍኩ፦ ወረቀቱ ከመርካቶ በኪሎ መጣ፤ ማንም አልሰጠኝም፤ ወፍጮው ግን እውነት ነው፤ በርበሬዬን አስፈጭቼበታለሁ። ስሜን ጻፍኩ። ከሥሩም እንደ ወጉ ፈረምኩ። ፊደሎቹ ዘመው ነበር፤ ግን ይነበባሉ።

ኃላፊው ወረቀቱን አየና እርስዎነቱን ረሳው። “አንቺ ማንበብ ትችያለሽ?” አለኝ።

“ጠይቃችሁኝ አታውቁም” አልኩት።

ፈቃዴን ትቼ ወጣሁ።

ድል አደረግን ብዬ አልዋሽም። ፈቃዴ በማጣራት ላይ ነው እየተባለ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። ቲቸርን በእኔ ቃል ሊከሱት ስላልቻሉ ሩቅ ወረዳ አዘዋወሩት፤ ሲሄድ ልጄ መጽሐፎቹን እስከ መኪናው ተሸከመችለት። ታስሮ ሳይሆን ቆሞ ነው የሄደው፤ ያ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጋዜጣውም ኬላ ላይ መውረዱን አላቋረጠም። ወፍጮው ከሱቄ ጀርባ መደርደሪያዬን ማንቀጥቀጡን ቀጠለ፤ መደርደሪያው ግን ባዶ ነበር።

ሚዛኔን ይዤ ኢታንግ ገበያ ወረድኩ። እዚያ መሬት ላይ ጆንያ አንጥፎ ለሚሸጥ ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ከሀጂ መጋዘን ግማሽ ጆንያ ስኳር ወሰድኩ፤ እሳቸው ሰው እንዳያይ ጓሮ በኩል ነው ያወጡልኝ። መጠቅለያ ግን አላገኘሁም። ከተማው ውስጥ ያለ ነጋዴ ሁሉ ፈርቶ አሮጌ ጋዜጣውን አቃጥሎ ነበር። የነበረኝ ከቤቴ ሩብ ኪሎ ላይ የቀረችው አንዲት ገጽ ብቻ ናት፤ አጥፌ የሚዛኑ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫታለሁ።

በመጀመሪያው ገበያ ቀን የአክስቴ ልጅ አየችኝና ሮጣ መጣች። ሱቁ መታሸጉን ሰምታለች፣ ለምን እንደታሸገ ግን አልነገሯትም። ተቃቀፍን፣ አለቀሰች፣ ተቆጣችኝ፣ ከዚያ ጆንያዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሩብ ኪሎ ስኳር መዘንኩላት። ሌላ ወረቀት ስላልነበረኝ ያቺን ገጽ ከሳጥኑ አወጣሁ።

“ምን ይላል ወረቀቱ?” አለችኝ፣ እንደ ልማዷ።

ስኳሩን ሚዛኑ ላይ ተውኩና ጣቴን አኖርኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በድምፅ አነበብኩላት። ሰው ተሰበሰበ። እሷ ዓይኗን ከጣቴ ላይ አላነሳችም፤ የመንደሯ ስም ጋ ስደርስ እጄን ያዘችኝና ድገሚው አለች። ደገምኩት።

“ለካ በገዛ ወፍጮዬ ነው ወረፋ ስጠብቅ የኖርኩት” አለች።

ስኳሩን ልጠቀልልላት ወረቀቱን ሳጥፍ ከእጄ ወሰደችው።

“በዚህ አትጠቅልይበት” አለችኝ። የነጠላዋን ጫፍ ዘረጋችልኝ። ስኳሩን እዚያ ላይ ገለበጥኩላት፤ እሷ ቋጠረችው። ገጿን ደግሞ በአራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችና ወደ መንደሯ ሰዎች ሄደች።